የእሳት ኳሱ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባመሸበት አንድ ቅዳሜ፣ ጓደኞቼን ሰብስቤ አዲስ ጨዋታ አስጀመርኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አጣጥፌ የሠራሁት ተራራ አለ። ተራራው ሥር ስልሳ የሚሆኑ የለስላሳና የቢራ ቆርኪዎች በሁለት ጎራ ተሰልፈዋል። ዳይስ አለ፣ ሜትር አለ። ደንቡን በአራት ገጽ አትሜ ለሁሉም አድያለሁ፤ ከላይ ስሜ በደማቁ ተጽፏል። አንዷ ጓደኛዬ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «ይሄን ሁሉ ራስህ ነህ የፈጠርከው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ይቺን «አዎ» ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን ወደዚህ ዕብደት ያስገባኝን ቀጭን መጽሐፍ ላስተዋውቃችሁ።

መጽሐፉ ቼይንሜይል ይባላል። ስሙ የጥንት ተዋጊዎች ይለብሱት የነበረው፣ ከብረት ቀለበት የተሠራ ጥሩር ማለት ነው። የታተመው በ1971 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ዲጂታል ቅጂው በኢንተርኔት ይሸጣል። እኔ የምከፍልበት ካርድ ስላልነበረኝ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ገዝታ ላከችልኝ። ከፍታ ስታየው፣ «ለዚህ ነው እንዴ ዶላሬን ያስወጣኸኝ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ሥዕሎቹ ደብተር ጀርባ ላይ የተሞነጫጨሩ ይመስላሉ፤ ሰንጠረዦቹ ዓይን ያደክማሉ። ግን ጌም የምትጫወቱ ከሆነ፣ አንድ ቀንም ቢሆን «ሌቭል ጨመርኩ» ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ይህ መጽሐፍ ከጨዋታችሁ ቅድመ አያቶች አንዱ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሺያ መኮንን፣ አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ ለአገሩ ጦር አቀረበ። ወታደሮችን የሚወክሉ ትናንሽ ቁራጮች ካርታ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ የተኩሱን ውጤት ዳይስ ይወስናል፤ መሐል ላይ አንድ ዳኛ ይፈርዳል። ዓላማው መኮንኖችን ማሠልጠን ነበር። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ሊትል ዋርስ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። የእሱ ጨዋታ የአሻንጉሊት ወታደሮችን መሬት ላይ ደርድሮ በመጫወቻ መድፍ መምታት ነው። የዓለም ትልቅ ደራሲ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ወታደር ሲደረድር አስቡት! ከዚያ ወዲህ ነገሩ የአዋቂዎች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆነ። ናፖሊዮንን የሚወድ ናፖሊዮንን፣ ሮማውያንን የሚወድ ሮማውያንን ያዋጋ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ደንብ የሚሸጥ ዕቃ ብቻ አልነበረም። ክበቦቹ የየራሳቸውን ደንብ ይጽፋሉ፣ በትናንሽ መጽሔቶቻቸው ላይ ያወጡታል፣ በፖስታ ይላላካሉ። የተቀበለው ደግሞ ይቀንስበታል፣ ይጨምርበታል። እኛ አገር የብይ ጨዋታ ደንብ ከሰፈር ሰፈር እንደሚለያየው ማለት ነው። «በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው» ተብሎ ያልተጣላ ማን አለ?

ከዚያ ቶልኪን መጣ። ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ እንግሊዝ አገር የወጣው በ1954 እና በ1955 ነው። በ1965 በርካሽ ዋጋ፣ በስስ ሽፋን አሜሪካ ውስጥ ሲታተም ግን ወጣቱ አበደለት። ናፖሊዮን የሰለቸው ዋርጌመር ሁሉ አንድ ቀን «ለምን ኦርክና ኤልፍ አናዋጋም?» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጌሪ ጋይጋክስ የሚባል ሰው እዚያ፣ ከቤቱ ሥር ባለው ክፍል፣ ትልቅ የአሸዋ ጠረጴዛ ነበረው። ጓደኞቹ እየመጡ አሸዋው ላይ ኮረብታና ሸለቆ እየሠሩ ትናንሽ ወታደሮች ያዋጋሉ። በ1970 ጋይጋክስ የኢንሹራንስ ሥራውን አጣ፤ ልጆች ያሉት ሰው ጫማ እየጠገነ መኖር ጀመረ። ጄፍ ፔረን የተባለው ጓደኛው ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች የሚዋጉበት አጭር ደንብ ጽፎ ነበር። ጋይጋክስ አሰፋው። በ1971 ጊዶን ጌምስ የተባለ ትንሽ አሳታሚ በሁለቱ ስም ቼይንሜይልን አወጣው።

ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ክፍል አለ፤ የፋንታሲ ክፍል። እኔ ፍቅር የያዘኝ እዚህ ጋ ነው። በዋናው ደንብ አንድ ቅርጽ ሃያ ወታደር ይወክላል። ፋንታሲው ሲገባ «ጀግና» የሚባል ሰው ይመጣል፤ ብቻውን እንደ አራት ሰው ይዋጋል፣ እሱን ለመጣልም በአንድ ጊዜ አራት ምት ያስፈልጋል። «ልዕለ ጀግና» ደግሞ እንደ ስምንት ነው። ጠንቋዩ የእሳት ኳስ ይወረውራል። ኳሱ ምን ያህል ቦታ ያቃጥላል? ድንጋይ የሚወረውረው ትልቅ መሣሪያ የሚመታውን ያህል። የሚልከው መብረቅስ? እንደ መድፍ ጥይት። አዲስ ሒሳብ አልተፈጠረም እኮ! አሮጌውን መድፍ ካባ አልብሰው ጠንቋይ አደረጉት፤ አለቀ።

ሚኒሶታ የሚኖር ዴቭ አርነሰን የተባለ ወጣት ይህን መጽሐፍ ይዞ ብላክሙር የሚባል ምናባዊ አገር ማጫወት ጀመረ። በእሱ ጨዋታ ተጫዋቹ ሠራዊት አያዝም፤ አንድ ሰው ይሆናል። ችግሩ፣ አንድ ሰው ስትሆን በአንድ ዳይስ መሞት ያናድዳል። ስለዚህ አርነሰን ጉዳትን በቁጥር ቀስ በቀስ የሚቀንስ ዘዴ አመጣ፤ ዛሬ ኤችፒ የምንለው። ከጋይጋክስ ጋር ሆነው ያንን አዳበሩት። በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1000 ቅጂ ወጣ። በዚያ ጨዋታ ተዋጊው አራተኛ ሌቭል ሲደርስ ማዕረጉ «ጀግና» ይባላል፤ ስምንተኛ ሲደርስ «ልዕለ ጀግና»። አራትና ስምንት! ከቼይንሜይል በቀጥታ የተወረሱ ቁጥሮች ናቸው። ይህን ሳገኝ ሌሊት ብቻዬን ጮህኩ ብላችሁ አታምኑኝም።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያምር ነበር። ሥራ ያጣ ጫማ ጠጋኝ፣ የአሸዋ ጠረጴዛ፣ ዓለምን የለወጠ ቀጭን መጽሐፍ። እኔም ለብዙ ወራት ለጓደኞቼ ስተርክ የነበረው ይህንኑ ነው።

ግን ጆን ፒተርሰን የሚባል የጨዋታ ታሪክ ተመራማሪ አለ። በ2012 ፕሌይንግ አት ዘ ወርልድ የተባለ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው፤ ሌላው የሚጥለውን የድሮ የክበብ መጽሔት ይሰበስባል፣ ያነብባል። በ2016 አንድ ግኝት ይዞ መጣ። ዘ ኩሪየር በተባለው የኒው ኢንግላንድ ዋርጌመሮች መጽሔት ላይ፣ በ1970፣ ማለትም ከቼይንሜይል በፊት፣ የሁለት ገጽ ደንብ ወጥቶ ነበር። በቶልኪን ዓለም ላይ የተመሠረተ ነው። ጸሐፊው ሌናርድ ፓት ይባላል።

ሁለት ገጽ ብቻ! ውስጡ ግን ኤልፍ አለ፣ ኦርክ አለ፣ ድራጎን አለ። «ጀግና» እና «ጸረ ጀግና» የሚል ጥንድ አለ፤ ቼይንሜይል ላይ ያለው ያው ጥንድ። እና ጠንቋይ አለ። ጠንቋዩ ምን ይወረውራል መሰላችሁ? የእሳት ኳስ።

ቼይንሜይል ላይ የፓት ስም የለም።

ዛሬ በስንት ጌም ውስጥ ስንት የእሳት ኳስ በቀን ይወረወራል? ስንቶቻችን ነን ያቺን ቁልፍ ስንጫን ያደግነው? መነሻዋን ፍለጋ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጋይጋክስ ጋ ደርሶ ይቆም ነበር።

ጋይጋክስ ሌባ ነው ልላችሁ አይደለም። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የጨዋታ አካሄድ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈበትን ቃል ነው። የክበቦቹም ባህል መዋዋስ ነበር። ደግሞ ሁለቱን ገጽ ወስዶ ሙሉ መጽሐፍ ማድረግ፣ ከዚያም ለዓለም ማዳረስ ቀላል ሥራ አይደለም። ጋይጋክስ በ2008 ስለሞተ፣ ፒተርሰን ያንን መጽሔት ሲያወጣ ጠርቶ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

እኔን የቆጠቆጠኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ታሪክ ውስጥ ስማቸውን ያስመለሱ ሰዎች አሉ። የቶልኪንን ሥራ የንግድ መብት የያዙ ወገኖች ስለተቃወሙ፣ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1977 «ሆቢት» የሚለውን ቃል አውጥቶ «ሃፍሊንግ» አለ። «ኤንት» ደግሞ «ትሪአንት» ሆነ። አርነሰንም ስሜና ድርሻዬ ቀረብኝ ብሎ በ1979 ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1981 በስምምነት አለቀ። ጠበቃ ያለው ስሙን አገኘ። ሁለት ገጽ ጽፎ ለክበቡ የሰጠ ሰው ግን ማን ያስታውሰው? አስታዋሹ አንድ አሮጌ መጽሔት እና ያንን መጽሔት ለማንበብ የታገሠ አንድ ሰው ነበሩ።

ይህን ሳስብ ገበጣ ትዝ አለኝ። ገበጣን ማን ፈጠረው? ማንም አያውቅም፤ ማንም አይጠይቅም። ደስ የሚለው ነገር፣ ቼይንሜይል በታተመበት በዚያው በ1971፣ ሪቻርድ ፓንክረስት ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ስለ ገበጣ ረጅም ጥናት አወጣ። የየአካባቢውን አጨዋወት፣ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር፣ እንዴት እንደሚዘራ እያለ በየተራ መዘገበ። «ይህ የእኔ ነው» አላለም፤ «እዚህ አገር እንዲህ ይጫወታሉ» ነው ያለው። አየር ጤና ያለ ልጅ እና ጎንደር ያለ ሽማግሌ አንድ ገበጣ ላይ ቢቀመጡ መጀመሪያ የሚነጋገሩት «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ብለው ነው። ያቺ ጥያቄ ራሷ ምስጋና ናት። የሁሉም የሆነ ነገር ላይ ስም ባይኖር ማንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው የብዙዎች የነበረው ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ ሲታተም ነው።

እንግዲህ ወደ «አዎ»ዬ ልመለስ።

የእኔ የቆርኪ ጨዋታ ልቡ አንዲት ደንብ ናት። ከቆርኪዎቹ መሐል አንዷ ቀይ የኮካ ቆርኪ ጄነራል ትሆናለች። ሌላው ቆርኪ አንዴ ከተመታ ይወጣል፤ እሷ ግን ሦስት ጊዜ ካልተመታች አትወድቅም። በተመታች ቁጥር በምስማር ትጫራለች። ጓደኞቼ የወደዱት ይሄንን ነው። ጭረቷን እያዩ «ኧረ አንድ ነፍስ ቀራት!» ሲሉ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል።

ይቺን ደንብ እኔ አልፈጠርኳትም። ልጅ ሆነን፣ ጎረቤታችን ባቢ ነው በረንዳችን ላይ ያመጣት። ቆርኪውን የጫረበት ምስማር ሳይቀር ትዝ ይለኛል፤ ዝገቱ ጣቱን ያቀልመው ነበር። እኔ ያደረግኩት ደብተር ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ከዚያ እነሱ ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሄዱ፤ ደብተሩ እኔ ጋ ቀረ። ደብተሩ እኔ ጋ ስለቀረ ጨዋታው የእኔ ሆነ። የሚገርመው ግን ያን ቅዳሜ «አዎ» ስል የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር። ረስቼው ነበር፤ ምናልባትም እንዲረሳ ስለፈለግኩ። ስለ ፓት ካነበብኩ በኋላ ነው ያቺ የዛገች ምስማር የመጣችብኝ።

ስልኩን በሰው በሰው አፈላልጌ ደወልኩለት። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ስለ ኮካዋ ጄነራል ነገርኩት። ሳቀ።

«እሷን እኮ እኔ አይደለሁም ያመጣኋት» አለኝ። «ታላቅ ወንድሜ ነው ያስተማረኝ። እሱም ከትምህርት ቤት ይሁን ከየት አላውቅም። ነፍሱን ይማረውና።»

ማረፉን አልሰማሁም ነበር። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ ባቢ ድምፁን ጠራርጎ፣ «ሦስት ጊዜ ስትመታ ትወጣለች ነው ያልከው? ብቻ?» አለኝ።

«አዎ።»

«አበላሽተሃታል! ጄነራሏ ስትወድቅ ጦሩ ሁሉ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ይሸሻል። እሷን ዘለልካት። ቅዳሜ ነው የምትጫወቱት?»

መጣ። ደንቡም ተስተካከለ፤ እውነቱን ለመናገር ጨዋታው አሁን በጣም ይሻላል። አራቱን ገጽ እንደገና አትሜያለሁ። ከላይ የወንድሙ ስም አለ፣ ከሥሩ የባቢ፣ ከዚያ የእኔ። ከእኔ ስም በታች ደግሞ ባዶ መስመር ተውኩ። አዲስ ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ወረቀቱን ከማደሌ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እናንተ ሰፈር እንዴት ነበር?»