ጎርጎራ፦ ከሥዕሉ ጀርባ ያሉትን ወረቀቶች ስለመከታተል

ጎርጎራ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ የደምቢያ የወደብ ከተማ ናት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ሱስንዮስ መናገሻቸውን በዚሁ አካባቢ አድርገው እንደነበር፣ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝም በዚያ የድንጋይና የኖራ ግንብ እንዳሠራና እ.ኤ.አ. በ1622 እዚያው እንደሞተ የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ። ማርያም ግንብ የሚባለው የዚያ ዘመን ፍርስራሽ ዛሬም አለ። ደብረ ሲና ማርያም ደግሞ በግድግዳ ሥዕሎቿ የታወቀች ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ናት። የኢጣሊያ ወራሪም በበኩሉ ወደቡን ተጠቅሞበት፣ ሐውልት ተክሎበት ሄዷል።

በዚህ ጸሐፊ ዕድሜ ያለ ሰው ጎርጎራን የሚያውቃት ግን በመርከቧ ነው። መርከቧ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ፣ ከባሕር ዳር ተነስታ ዘጌን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካች በማግስቱ ጎርጎራ ትደርስ ነበር። ገበሬው በርበሬውንና ፍየሉን፣ ፈረንጁ ካሜራውን ይዞ በአንድ ወለል ላይ ይጓዝ ነበር።

ይህችው ከተማ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ የአገር መነጋገሪያ ሆነች። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ «ገበታ ለሀገር» በሚል ስያሜ ይፋ ባደረጉት ፕሮጀክት ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ የቱሪስት መዳረሻ ሆነው እንዲለሙ ተወሰነ። 3 ቢሊዮን ብር ለማሰባሰብ ታቅዶም ባለ 10 ሚሊዮንና ባለ 5 ሚሊዮን ብር እራት ተዘጋጀ። አሠራሩ አዲስ አልነበረም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ልማት በተካሄደው «ገበታ ለሸገር» የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በሰሜኑ ጦርነትም ሆነ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ክልሉ ባለፈበት ግጭት መካከል የጎርጎራው ሪዞርት ተሠርቶ ተመርቋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለሠሩት ሰዎች ምስጋና ይገባል።

ለመሆኑ በእነዚያ የግንባታ ዓመታት እኛ ከተሜዎቹ ፕሮጀክቱን የተከታተልነው በምን ነበር? አብዛኞቻችን በሥዕል ነው። መጀመሪያ በኮምፒዩተር የተሠራ ንድፍ አየን። ቀጥሎ ከአየር ላይ የተነሳ ቪዲዮ መጣ። በየመካከሉ ባለሥልጣናት የራስ ቁር አድርገው ሲጎበኙ የሚያሳይ ዜና ነበር። ሥዕል ያስደስታል፣ ይሁንና መሬቱ ከማን እንደተወሰደ፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድና ገንዘቡን ማን እንደመረመረው አይናገርም። ይህን የሚናገሩት ወረቀቶች ናቸው። ወረቀቶቹን መጠየቅ ደግሞ በሕግ የተሰጠን መብት ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ዓይነቱ ክትትል ለብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ደስታ ሆኗል። በአሜሪካ ኦርላንዶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የተከፈተውን ኤፒክ ዩኒቨርስ የተባለ ግዙፍ የመዝናኛ ፓርክ ያዩ እንደሆነ፣ ኩባንያው በ2019 በይፋ ከማወጁ በፊት አፍቃሪዎቹ ስለ ቦታው ብዙ ያወሩ ነበር። ከማንም ሹክሹክታ አልሰሙም። የመሬት ሽያጭ መዝገብ፣ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻና ለውኃ አስተዳደር መሥሪያ ቤት የገባ የጎርፍ ማፋሰሻ ንድፍ ለማንም ዜጋ ክፍት ስለሆነ ያንን ያነቡ ነበር። የመዝናኛ ፓርክ የሚወድ የ20 ዓመት ወጣት የጎርፍ ማፋሰሻ ንድፍ ሲያነብ ማየት ለእንደ እኔ ያለ የሕግ ሰው እጅግ ያስቀናል።

ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመን ግን የሆንግ ኮንግ ዲዝኒላንድ ታሪክ ነው፤ እዚያም እንደ ጎርጎራው የመንግሥት እጅ አለበትና። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ስምምነቱ ይፋ ሲሆን የገንዘብ ጥያቄው ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ቀረበ። ፓርኩ በመስከረም 2005 ሲከፈት መንግሥት 57 በመቶ፣ የዲዝኒ ኩባንያ 43 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። በመካከሉ አንድ ትልቅ ራስ ምታት ገጥሟል። ለፓርኩ መሠረተ ልማት የተፈለገው መሬት ላይ የነበረ የመርከብ መሥሪያ ተነስቶ አፈሩ ሲመረመር ዳዮክሲን በሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ተበክሎ ተገኘ። ለማጽዳት 22 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ያህል የተገመተው ወጪ ወደ 450 ሚሊዮን ግድም ወጣ። ሕዝቡ ይህን ያወቀው የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ ለአስተያየት ክፍት ስለነበረና የምክር ቤት አባላት ሹማምንቱን እየጠሩ ስላፋጠጡ ነው። ፓርኩ በዚህ ምክንያት አልቆመም። ሒሳቡ ግን በአደባባይ ተወራረደ።

ፓሪስ አጠገብ ያለው ዲዝኒላንድም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1987 የፈረንሳይ መንግሥትና የአካባቢው አስተዳደሮች ከኩባንያው ጋር በተፈራረሙት ውል ነው። መሬቱ በምን ሁኔታ እንደሚተላለፍና የከተማ ባቡሩን ማን እንደሚያደርስ በውሉ ውስጥ ነበር። ፓርኩ በ1992 ተከፍቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕዳ ሲያንገዳግደው ማን ምን ቃል እንደገባ መከራከሪያ ወረቀት ነበራቸው።

ወደ ጎርጎራ እንመለስ። የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ የሚታማ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ይህንኑ በአካባቢ ጥበቃ ረገድ ይደግመዋል። ፕሮጀክቱ ሲጀመር በሥራ ላይ የነበረው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ከልክሎ፣ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት በአንቀጽ 15 ያዛል። «ለሕዝብ ተደራሽ» ማለት በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ተቆልፎበት ማለት እንዳልሆነ ለመረዳት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ጣና ዳር ይህ ጥናት ለምን ከሌላው ቦታ ይልቅ እንደሚከብድ ላስረዳ። ሐይቁ በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበ ነው። እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ነበር። እምቦጭ የሚፋፋው ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተማ ፍሳሽ ጋር ወደ ውኃው በሚገባው ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ዳርቻ የሚሠራ ማንኛውም ሆቴል የመጀመሪያው ጥያቄ የመጸዳጃ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው ውኃ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ማጣሪያው በምን ያህል እንግዳ ልክ ተሠራ? ተጣርቶ የሚወጣውን ውኃ ማን በየስንት ጊዜው ይመረምራል? መልሱ በጥናቱ የአካባቢ አያያዝ ዕቅድ ውስጥ መኖር አለበት።

ሁለተኛው የውኃው ከፍታ ነው። የጣና ከፍታ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳር በኩል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ በተሠራው የጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ይወሰናል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ መርከብ ለመንቀሳቀስ ከሚያስፈልገው ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወር ያህል ቆሞ ነበር። ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ወዲህም የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከዚሁ ሐይቅ ውኃ ይወስዳል። ጎርጎራ ላይ ጀልባ የሚያስጠጋ ሪዞርት ዕድሉ በከፊል ያለው ተርባይን በሚያንቀሳቅሰው ወገን እጅ ነው ማለት ነው። ሁለቱ የመንግሥት ተቋማት በውኃው ከፍታ ላይ የጽሑፍ ስምምነት አላቸው ወይ ብሎ መጠየቅ የባለሙያ ቅንጦት አይደለም። ሐይቁ ሲሸሽ ከእንግዳ ማረፊያው ፊት ለፊት የሚቀረው ጭቃ ነው።

ሐይቁ ሲሸሽ ደግሞ የሚዘራ ሰው አለ። በደምቢያና በፎገራ «ባሕር ሸሽ» የሚባለው፣ ውኃው በበጋ ለቅቆት የሚሄደው መሬት ለገበሬው ሁለተኛ እርሻ ነው። ለሕዝብ ጥቅም የመሬት ይዞታ ስለሚለቀቅበት ሁኔታ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለገጠር ተነሺ ካሣን ባለፉት አምስት ዓመታት በነበረው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ያሰላ ነበር። በምትኩ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ለማይገኝለት ተነሺ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛል። በጥሩ ዓመት 40,000 ብር ያገኝ የነበረ ገበሬ 600,000 ብር ይደርሰዋል እንደማለት ነው። ተነሺዎችን መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየትንም አዋጁ ይጠይቃል፤ ለአስቸኳይ ሁኔታ ግን በር ትቷል። በሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ በተግባር የሚታወቅ ነገር ነው።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ይዞታው በደብተር ለተመዘገበለት ሰው ነው። ባሕር ሸሽ በባሕርይው ዓመት ሙሉ የማይታይ መሬት በመሆኑ ማስረጃው ያከራክራል። ቀረሶና አምባዛ የሚያወጣው ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ከነጭራሹ የመሬት ባለይዞታ ስላልሆነ በዚህ ቀመር ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ዳርቻው ሲታጠር እርሱ የሚያጣው መረቡን የሚያሰጣበትንና ታንኳውን የሚያስጠጋበትን ቦታ ነው። ከደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎችም በባሕር ዳር ከተማዋ ስትሰፋ ከሐይቁ ዳር እየተገፉ መሄዳቸው በጥናት የተጻፈ ነው። ጎርጎራን በሚመለከት «ተነሺ» ተብሎ የተመዘገበው ማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ «ስንት ተከፈለ» ከሚለው መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ ቅርስ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና መጠበቅ እንዳለበት ያዛል። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች የኢየሱሳውያኑን ዘመን ሥፍራዎች በቆፈሩበት አካባቢ ኤክስካቫተር ሲገባ ከጎኑ የቅርስ ባለሙያ መቆም ነበረበት። ቆሞ ከሆነ የጻፈው ማስታወሻ ይኖራል።

ገንዘቡስ? ከእራት የመጣ ስጦታ እንጂ ከግብር የተሰበሰበ አይደለም፣ ስለዚህ ጠያቂ የለውም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በእኔ ንባብ ይህ ክርክር አያስኬድም። ስጦታው ለመንግሥት ፕሮጀክት በመንግሥት አካል የተሰበሰበ፣ በመንግሥት አካልም ወጪ የሆነ ነው። ከለጋሾቹ መካከል የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ሲኖሩበት ደግሞ ገንዘቡ ቀድሞውንም የሕዝብ ነበር። ስለዚህ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሊያየው ይገባል፣ የኦዲቱም ግኝት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሊቀርብ ይገባል። ለእራቱ የከፈለውም ሰው ቢሆን ደረሰኙን ከሒሳቡ ጋር ማስተያየት ቢችል የሚጠላ አይመስለኝም።

ግንባታው አልቋልና ጊዜው አልፏል የሚል ይኖራል። አላለፈም። አሁን የሚጀምረው የማስተዳደሩ ውል ነው። ሪዞርቱን የሚያንቀሳቅሰው ወገን በምን ጨረታ ወይም ድርድር እንደተመረጠ፣ ከትርፉ ለከተማዋ የሚቀረው ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ ከሠራተኛው ምን ያህሉ ከደምቢያ እንዲቀጠር ግዴታ እንደተገባ የሚያሳየው ይህ ውል ነው። ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ያለው መንገድ ለመንገደኛ አስተማማኝ ሳይሆን ሲቀር የአልጋውን ኪሳራ ማን እንደሚሸከምም የሚገኘው እዚያው ነው።

መጠየቂያው መንገድ ይህ ነው። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው የአዋጅ ቁጥር 590/2000 ክፍል ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም፣ ለምን እንደፈለገው ማስረዳትም የለበትም። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን፣ ተጽዕኖ ጥናቱን ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የካሣ መዝገቡን ከወረዳው አስተዳደር፣ የአስተዳደር ውሉን ሪዞርቱን ከያዘው ተቋም መጠየቅ ነው። አዋጁ የንግድ ምስጢርን የመሳሰሉ ክልከላዎች አሉት፣ ሆኖም የሚከለከለው ክፍል ተለይቶ ቀሪው ይሰጣል። የተከለከለ ሰው በቅድሚያ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ደብዳቤው አንድ ሰነድ ብቻ በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ፤ «ስለ ፕሮጀክቱ ያላችሁን መረጃ ሁሉ» የሚል ጥያቄ መልስ አያገኝም። ሲገባም በመዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም የተደረገበት ቅጂ ይያዝ። መልስ ለመስጠት የተቀመጠው 30 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ዕለት ጀምሮ ነው።