ጉዛራ፤ የነገሥታት መክረሚያ የድንጋይ ቤት የሆነበት ታሪክ

በኢትዮጵያ ደጋ አገር ክረምት ሲገባ ሁሉም ይገዛለታል። ወንዞች ይሞላሉ፤ መንገድ ይዘጋል፤ ነጋዴ ጭነቱን ያወርዳል፤ ዘማችም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን የአገው ምድር ሰው አሳምሮ ያውቀዋል፤ በእንጅባራና በዳንግላ ዝናሙ ረዥም፣ ጭጋጉም ብርቱ ነውና። በዚያ አገር ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ክዳኑ ነው። በእንጨትና በቀርከሃ የቆመውን ክብ ቤት በየጊዜው ያድሰዋል፤ ክዳኑ ያረጀበት ግድግዳ ብዙ እንደማይቆይ ከአባቱ ተምሯል። የነገሥታቱም የድንጋይ ቤት የመጣው ከዚሁ ከክረምት ጭንቀት ነው፤ ለዚህም የጉዛራ ግንብ ምስክር ነው።

ጉዛራ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ በእንፍራዝ አጠገብ፣ ከኮረብታ ላይ ተሠርቶ የሚታይ የገጠር ቤተ መንግሥት ነው። በስተ ምዕራብ የጣና ባሕር ከነሜዳው ተዘርግቶ ይታየዋል። ቤቱ ባለ ፎቅ ነው፤ ርዝመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ በማዕዘኑ ክብ ግንቦች ቆመውለታል፤ ዙሪያውንም ቅጥር ከቦታል። ድንጋዩ ከዚያው አገር የተፈለጠ ነው፤ የተያያዘውም በኖራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1972 ዓ.ም. የጎንደርን ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጽፍ፣ ጉዛራንም ከዚያው ጋር ቈጥሮ ጽፎታል።

የዚህን ቤት ትርጕም ለማወቅ አስቀድሞ ነገሥታቱ እንዴት ይኖሩ እንደ ነበረ ማሰብ ይገባል። በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ በአንድ ከተማ ተቀምጦ የሚገዛ አልነበረም። ከተማው ከርሱ ጋር ይሄድ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በዓፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ያየውን ጽፎአል። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን፣ የዳኞቹ ስፍራ፣ የቀኝና የግራ መኳንንት ሰፈር፣ ገበያውም ሳይቀር ሁሉ በየማዕርጉ ስፍራ ነበረው። ሰፈሩ ሲነሣ ይህ ሁሉ አብሮ ይነሣል፤ በአዲሱም ቦታ በዚያው ሥርዓት ይተከላል። እንዲህ ያለው ከተማ የአንድን አገር እህልና እንጨት ከጨረሰ በኋላ ወደ ሌላው ያልፍ ነበር። በክረምት ግን ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህም ንጉሡ መክረሚያ ይመርጣል። መክረሚያ ማለት ወንዙ እስኪጐድል ድረስ ሠራዊት የሚበተንበት፣ ንጉሡ ከጥቂት ሰዎች ጋር የሚቀመጥበት ስፍራ ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት መከራ በዛ። የግራኝ አሕመድ ጦር አገሩን ካቃጠለ በኋላ፣ በ1533 ዓ.ም. ከፖርቱጋል የመጡት 400 ያህል ወታደሮች ረድተው፣ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነቱ ተፈጸመ። ዳሩ ግን ዕረፍት አልሆነም። በ1549 ዓ.ም. ቱርኮች ምጽዋን ያዙ፤ በደቡብም የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ሰሜን እየሰፋ ስለ መጣ የነገሥታቱ የቀድሞ መቀመጫ የነበረው የሸዋና የፈጠጋር አገር ከእጃቸው እየወጣ ሄደ። ስለዚህ ነገሥታቱ ፊታቸውን ወደ ጣና ዙሪያ መለሱ። ደምቢያ እህል የሞላበት አገር ነው፤ ወደ ትግሬና ወደ ባሕር፣ ወደ ጎጃምና ወደ ዳሞትም የሚወስዱት መንገዶች ከዚያ ይገናኛሉ። እንደ ቀድሞው በየዓመቱ አዲስ መክረሚያ መፈለግ ቀርቶ፣ ወደ ታወቀው መክረሚያ መመለስ ልማድ ሆነ።

ዓፄ ሠርፀ ድንግል፣ ስመ መንግሥቱ መለክ ሰገድ፣ ከ1555 እስከ 1590 ዓ.ም. በነገሠበት ዘመን ኑሮው ሁሉ ዘመቻ ነበር። ከባሕር ነጋሽ ይስሐቅና ከቱርኮች ጋር በትግሬ ተዋጋ፤ ድል ካደረገም በኋላ ቱርኮች በድባርዋ ያቆሙትን ምሽግ ያዘ። በድንጋይ ምሽግ ውስጥ የተቀመጠ ጥቂት ጦር ብዙውን ሠራዊት ምን ያህል እንደሚያደክም ያየ ንጉሥ፣ ለራሱም መክረሚያ የድንጋይ ቤት ቢያስብ የሚደንቅ አይደለም። ትውፊትና ብዙዎቹ የታሪክ ጸሓፍት የጉዛራን ግንብ ለርሱ ይሰጡታል።

በዚህ ላይ ግን ክርክር አለ። ክርክሩም በኖራው ነው። የኢየሱሳውያን ጸሓፍት፣ ኖራ በኢትዮጵያ የታወቀው በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ በመጣ ጠቢብ ነው ይላሉ። ደግሞም ጴጥሮስ ፓኤዝ ለሱስንዮስ በጎርጎራ ባለ ፎቅ ቤት ባሠራ ጊዜ፣ ሕዝቡ ተደንቆ «በቤት ላይ ቤት» ይለው እንደ ነበረ ይተርካሉ። ይህ እንደ ቃሉ ከተወሰደ ጉዛራ ከሱስንዮስ በኋላ ወይም በርሱ ዘመን የተሠራ ወይም የታደሰ ይሆናል። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ እነዚያ ጸሓፍት የማኅበራቸውን ሥራ ለአውሮፓ ሰዎች የሚነግሩ ነበሩ፤ ሰው የራሱን ሥራ ሲናገር የቀደመውን ሰው ሥራ ማሳነሱ የተለመደ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ትውፊት የኋለኛውን ንጉሥ እድሳት ለፊተኛው ስም መስጠቱ አይቀርም። ስለዚህ ጉዛራን የአንድ ሰው እጅ ብቻ የሠራው አድርጎ ከመሟገት ይልቅ፣ ዕውቀት ከብዙ በር እንደ ገባ መረዳት ይሻላል። ድንጋይ መጥረብና ማነጽ በአክሱምና በላስታ የቆየ የአገሩ ጥበብ ነው፤ ክቡ የማዕዘን ግንብና ቅስቱ የቱርክን፣ የፖርቱጋልንና የህንድን ሥራ ያስታውሳል፤ ስፍራውንና አቀማመጡን የመረጠው ግን የአገሩ የክረምት ልማድ ነው።

ኖራ ይህን ያህል የሚያከራክረው ያለ ምክንያት አይደለም። የኖራ ድንጋይ በእቶን ሲቃጠል ነፋሱ ይወጣለታል፤ በውሃ ሲጠፋ ይላማል፤ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋይ መካከል ሲገባ፣ በእሳት ያጣውን ነፋስ ከአየሩ መልሶ እየወሰደ ቀስ በቀስ እንደ ገና ድንጋይ ይሆናል። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ከፍ ሲል ክብደቱ ይጥለዋል፤ ዝናምም ያጥበዋል። በኖራ የተያያዘው ግን ፎቅ፣ ቅስትና ጕልላት ይሸከማል። ዓፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. ነግሦ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲመሠርት፣ በአራት ማዕዘኑ አራት ክብ ግንቦች ያሉትን ቤተ መንግሥት ያቆመው በዚህ ጥበብ ነው። ጉዛራን አይቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ማዕዘኑን፣ ቅጥሩንና ሰገነቱን ቢያስተያይ፣ በእንፍራዝ የታየው በጎንደር ሰፍቶና ከፍ ብሎ ያገኘዋል። መክረሚያው በጋም የሚኖሩበት ሆነ፤ የድንኳኑም ከተማ የድንጋይ ከተማ ሆነ።

ይህን ቤት ያስገኘው ዝናም ደግሞ የሚያፈርሰው እርሱው ነው። የጉዛራ ክዳን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ክዳን የሌለው ግንብ ውሃውን ከላይ ይጠጣል፤ ኖራው ይታጠባል፤ በስንጥቁ ውስጥ ወፍ የጣለው የዛፍ ፍሬ ይበቅላል፤ ሥሩም ሲወፍር ድንጋዩን ከድንጋይ ይለያል። የሰው እጅም ሲረዳ የጐዳበት ጊዜ አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጎንደር ግንቦች በሲሚንቶና ብረት በገባበት ቤቶን ተጠገኑ። ኖራ ርጥበትን ይጠጣል፣ መልሶም ያወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ውሃውን ከውስጥ ያስቀረዋል፤ የታሰረውም ውሃ አሮጌውን ኖራና ለስላሳውን ድንጋይ ይበላል። ስለዚህ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያስለቀቁ በኖራ መመለስ ግድ ሆነባቸው።

ይህ ነገር የቤተ መንግሥት ጠባቂዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በጎጃምና በጎንደር በኖራ የታነጹ የአብያተ ክርስቲያናት ግንቦችና ቅጥሮች አሉ፤ በመርጡለ ማርያም ያለው የጥንቱ ሕንፃ ፍራሽም ከታወቁት አንዱ ነው። አለቃውና ምእመናኑ በበጎ ልብ ገንዘብ አዋጥተው ስንጥቁን በሲሚንቶ ሲያስመርጉ፣ ለልጆቻቸው ያቆዩት ይመስላቸዋል፤ የሚያደርጉት ግን በሽታውን በልብስ መሸፈን ነው። መጀመሪያ ክዳኑን ማስተካከል፣ ከዚያም ውሃው የሚወርድበትን ቦይ መጥረግ፣ ቡቃያውን ሥር ሳይሰድ መንቀል፣ የተሰነጠቀውንም ራሱን በመሰለው በኖራ መሙላት ይገባል። ይህ ሥራ ብዙ ወርቅ አይጠይቅም፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የሚደረግ ትጋት ብቻ ይጠይቃል። የአገው ገበሬ ለቀርከሃ ቤቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለሣር ክዳን የሚሰጠው ትጋት ለነገሥታት ግንብ ከጐደለ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሣሩ ቤት ቆሞ የድንጋዩ ቤት ወድቆ ይገኛል።