የዘር መዝገብና የደም ምስክርነት

በአገራችን የቀድሞ መኳንንት የሚሞገሱት በተወለዱበት ስም ብቻ አልነበረም፤ በፈረሳቸውም ስም «አባ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኛቸው ይኸው ልማድ ነው። ደግሞም ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ለጋብቻ ሲተጫጩ ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ፤ የሚቈጥሩትም ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። የእንግሊዝ አገር የእሽቅድምድም ፈረስ አርቢዎች ግን የፈረስን ትውልድ የቈጠሩት በተቃራኒው ምክንያት ነው፤ ይኸውም ጥሩውን ደም ከጥሩው ደም ጋራ ደጋግሞ ለማገናኘት ነው። ይህ ቈጠራ እንዴት እንደ ተጀመረ፥ በምን እንደ ተሳሳተና በምንስ እንደ ተመረመረ በአጭሩ ልናመለክት እንወዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቶሮብሬድ የተባለው የእሽቅድምድም ፈረስ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የተገኘ ዘር ነው። የዘሩ አባቶች ተብለው የሚታወቁት ከምሥራቅ የመጡ ሦስት ድንጉላ ፈረሶች ናቸው፤ እነርሱም ባይርሊ ተርክ፥ በ1704 ከሐለብ የመጣው ዳርሊ አረቢያንና በ1753 የሞተው ጎዶልፊን አረቢያን ናቸው። የዳርሊ አረቢያን አራተኛ ትውልድ የሆነው ኤክሊፕስ ፀሐይ በጨለመችበት በ1764 ተወለደ፤ በተወዳደረባቸው 18 እሽቅድምድሞችም አንድ ጊዜ እንኳ አልተሸነፈም። የእንዲህ ያለ ፈረስ ልጅ ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ «የእገሌ ልጅ ነው» እያለ የሚያታልል ነጋዴ አልታጣም። ስለዚህ ጄምስ ዌዘርቢ የተባለ ሰው የተበታተነውን ማስታወሻ ሁሉ ሰብስቦ በ1791 የጠቅላላውን የዘር መዝገብ መግቢያ፥ በ1793 ደግሞ የመጀመሪያውን ቅጽ አሳተመ።

ይህ ሥራ ታላቅ ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። አባቶቹ በስም ሲመሰገኑ ከጥንቶቹ ባዝራዎች ብዙዎቹ ስም እንኳ አልተጻፈላቸውም፤ «የእገሌ ፈረስ ልጅ» ወይም «የእገሌ ፈረስ እኅት» ተብለው ብቻ ታለፉ። ብሩስ ሎው የተባለ አውስትራልያዊ የእናቶችን ሐረግ ወደ ኋላ ተከትሎ 43 ቤተ ሰቦችን ለየ፤ ልጆቻቸው በሦስቱ ታላላቅ የእንግሊዝ እሽቅድምድሞች ባሸነፉት መጠንም ተራ ቍጥር ሰጣቸው። መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1895 ታተመ። ነገር ግን ብዙ ልጆች ያሉት ቤት ብዙ አሸናፊ እንዲኖረው የታወቀ ነው፤ ቍጥሩም ፍጥነት ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ አላስረዳም።

የውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል ነው። በ1866 የታተመው ጽሑፉ ተዘንግቶ ቆይቶ በ1900 እንደ ገና ተገኘ። ከዚህ በኋላ ሀርስት የተባለ እንግሊዛዊ የዌዘርቢን መዝገብ ገልጦ የፈረሶችን መልክ መረመረ፤ ሰውነታቸውም ጋማቸውም ቀይ የሆነ ሁለት ዳማ ፈረሶች ሲገናኙ ዳማ ብቻ እንደሚወልዱ በ1906 ገለጠ። ፕሮፌሰር ዌልደን ግን በዚያው መዝገብ ውስጥ ከሕጉ የወጡ ጥቂት ውርንጭላዎችን አግኝቶ ተቃወመው። ሀርስትም «የተሳሳተው ጸሓፊው ነው እንጂ ሕጉ አይደለም» የሚል መልስ ሰጠ። ዌልደን መዝገቡን በመመርመር ላይ ሳለ በዚያው ዓመት ሞተ። የዳማ መልክ መነሻ የሆነው የዘረ መል ለውጥ በ1996 ተለይቶ ሲታወቅ ሀርስት ያለው ሕግ ጸና። እንግዲህ የሁለት ሊቃውንት ክርክር የተንጠለጠለው አንድ የጋጣ ጸሓፊ የውርንጭላውን መልክ በትክክል በመጻፉና ባለመጻፉ ላይ እንደ ነበረ እናስተውል።

መዝገብ ሲሳሳት እውቀትን ያዘገያል፤ ሲታበይ ግን በደልን ያመጣል። በ1913 የእንግሊዝ መዝገብ ጠባቂዎች፥ ወላጆቹ ሁሉ ቀድሞ በወጡት ቅጾች ያልተጻፉ ፈረስ አይመዘገብም ሲሉ ደነገጉ። በዚህም ምክንያት የብዙ አሜሪካ ፈረሶች ትውልድ ንጹሕ እንዳልሆነ ተቈጠረ። በሚከተለው ዓመት በ1914 ግን ደርባር የተባለው፥ በእናቱ በኩል የአሜሪካ ደም ያለበት የፈረንሳይ ፈረስ፥ በኤፕሰም የተደረገውን ታላቁን የደርቢ እሽቅድምድም አሸነፈ። በሜዳ ያሸነፈው ፈረስ በመዝገብ ግን ስፍራ አልነበረውም። ድንጋጌው የተሻረው በ1949 ነው።

በዘመናችን ደግሞ ደም ራሱ ምስክር ሆኖ ቀረበ። በ2001 የታተመ ጥናት፥ በአባት በኩል ከሚቈጠረው የቶሮብሬድ ሐረግ 95 በመቶው ወደ ዳርሊ አረቢያን ብቻ እንደሚደርስ አሳየ። በ2002 ደግሞ ከእናት ብቻ የሚወረሰው ዲኤንኤ ሲመረመር፥ አንዳንዶቹ የእናት ሐረጎች ገና ከመነሻቸው በመዝገቡ እንደ ተጻፉት እንዳልነበሩ ታወቀ። በ2010 ፈረስ ለአጭር ወይም ለረዥም ርቀት የተመቸ እንዲሆን የሚያደርግ የጡንቻ ዘረ መል ተገለጠ። በ2012 የወጣው ጥናት የአጭር ርቀት ፍጥነት የሚሰጠው ዓይነት ወደ ዘሩ የገባው ከ300 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ ተናገረ፤ ያስገባችውም ከምሥራቅ የመጣ ድንጉላ ሳይሆን የእንግሊዝ አገር ባዝራ ሳትሆን እንዳልቀረች ገመተ።

ሦስቱ አባቶች በሥዕልና በመጽሐፍ ሲከበሩ ኖረዋል። ፍጥነትን ያወረሰችው ባዝራ ግን ስሟ አይታወቅም። ይህን ስንል መዝገብን ለመንቀፍ አይደለም፤ መዝገቡ ባይኖር ኖሮ የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ደሙን ከምን ጋራ ያስተያዩት ነበር? ነገር ግን መዝገብ የሚጠቅመው ያየውን ሁሉ ሳያዳላ ሲጽፍ፥ ያልጻፈውንም «የለም» ከማለት ሲቈጠብ ነው። ብዕር የያዝን ሁላችን፥ በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት፥ ዛሬ ትንሽ መስሎን የምናልፈው ስም ከብዙ ዘመን በኋላ ዋናው ሆኖ ሊፈለግ እንደሚችል አስበን እንጻፍ።