75,000 ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1931 በኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ዴሞክራቶች 65 በመቶ ያህል ድምፅ አገኙ። ከ65ቱ መቀመጫዎች ግን 64ቱን ጠቅልለው ወሰዱ። ከሦስት መራጮች አንዱ ሌላ ፓርቲ መርጦ ሳለ፣ የእሱን ወገን ወክሎ ምክር ቤት የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ለዚህ ማጭበርበር አላስፈለገም፤ የአቆጣጠሩ ደንብ ራሱ በቂ ነበር። ከተማዋ በትናንሽ የምርጫ ክልሎች ተሸንሽናለች። በየክልሉ አንደኛ የወጣው ያልፋል፣ ለቀሩት የተሰጠው ድምፅ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ታማኒ ሆል የሚባለው የዴሞክራቶች ድርጅት ደግሞ ለደጋፊው ሥራ እያስያዘ፣ ለተቸገረው እየደረሰ ሰፈሩን ሁሉ በእጁ አድርጎ ነበር።

ዳኛ ሳሙኤል ሲበሪ የመሩት ምርመራ የከተማዋን አስተዳደር ሙስና አደባባይ አወጣ፤ በ1933 የታማኒ ሆል ተቃዋሚ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በኅዳር 1936 ነዋሪው በሕዝበ ውሳኔ አዲስ ቻርተር፣ ማለትም የከተማዋን መተዳደሪያ ሕግ፣ አጸደቀ፤ ከእሱ ጋር አዲስ የምርጫ ሥርዓትንም ተቀበለ።

አዲሱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ክፍለ ከተማው በሙሉ፣ ማንሃተንም ይሁን ብሩክሊን፣ አንድ የምርጫ ክልል ሆነ። መራጩ ምልክት በማድረግ ፈንታ ከእጩዎቹ ስም አጠገብ 1፣ 2፣ 3 እያለ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይጽፋል። 75,000 ድምፅ የሞላለት እጩ አለፈ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚመጣለት ወረቀት መራጩ ሁለተኛ ብሎ ወደ ጻፈው ሰው ይሄዳል። ከሁሉ ያነሰ ያገኘው ይሰረዝና የእሱም ወረቀቶች እንዲሁ ለሌሎች ይከፋፈላሉ። የመቀመጫው ቁጥር እንኳ አስቀድሞ አይታወቅም ነበር። ብዙ ሰው ከመረጠ ምክር ቤቱ ይሰፋል፣ ጥቂት ከመረጠ ይጠባል። በ1937 26 የነበሩት አባላት በ1943 ወደ 17 ወረዱ።

ሥራው አድካሚ ነበር። ወረቀቱ ሁሉ በእጅ ስለሚቆጠር የመጀመሪያው ምርጫ ቆጠራ ሳምንታት ፈጀ፤ ተቃዋሚዎችም ይህንኑ መዘግየት መሣሪያ አደረጉት። ሆኖም ከወረቀቱ ክምር መሃል ሌላ ዓይነት ምክር ቤት ብቅ አለ። ብሩክሊን በ1937 የመረጠቻቸው ጄኔቪቭ ኧርል የምክር ቤቱ ብቸኛ ሴት ሆኑ። በ1941 ደግሞ ማንሃተን አዳም ክሌይተን ፓወልን የአዲሱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ጥቁር አባል አድርጋ መረጠች። ፓወል የሃርለሙ የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበሩ። በ1808 የተመሠረተችው ይህች ቤተ ክርስቲያን በስሟ የአገራችንን የቀድሞ መጠሪያ እንደያዘች እስከ ዛሬ አለች።

የሥርዓቱ ፍትሐዊነት ጎልቶ የታየው በ1945 ነው። ዴሞክራቶች 59 በመቶ ድምፅ አገኙ፤ ከ23 መቀመጫ 14ቱ ደረሳቸው። አሁንም አብላጫዎቹ እነሱ ናቸው፤ የወሰዱት ግን የድርሻቸውን ነው። የቀረውን ሪፐብሊካኖች፣ ሁለት የሠራተኛ ወገን ፓርቲዎችና ኮሚኒስቶች ተካፈሉት።

ኮሚኒስቶቹ ሁለት ነበሩ፤ የብሩክሊኑ ፒተር ካኪዮኔና የሃርለሙ ጥቁር ጠበቃ ቤንጃሚን ዴቪስ። የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት ሲያይል የሁለቱ መኖር ለሥርዓቱ ጠላቶች ሁነኛ ሰበብ ሆነ። የምርጫው ዘዴ ከሞስኮ የመጣ ነው የሚል ዘመቻ ተከፈተ። መሠረተ ቢስ ክስ ነበር፤ የኦሃዮዋ ትንሽ ከተማ አሽታቡላ ይህንኑ ዘዴ የተቀበለችው በ1915፣ ከሩሲያ አብዮት ሁለት ዓመት ቀድማ ነውና። ያም ሆኖ የኒውዮርክ መራጭ በኅዳር 1947 ሥርዓቱን በድምፁ ሻረው።

በ1949 ከተማዋ ወደ ትናንሽ የምርጫ ክልሎች ተመለሰች። ዴሞክራቶች ከድምፁ ግማሹን ጥቂት አለፍ ያለ አግኝተው ከ25 መቀመጫ 24ቱን ወሰዱ።

ከ2021 ጀምሮ የኒውዮርክ ነዋሪ በፓርቲዎች የውስጥ ምርጫ እንደገና እስከ አምስት እጩዎችን በደረጃ ያስቀምጣል። ከ51ዱ የምርጫ ክልሎች በእያንዳንዱ ግን የሚያልፈው አሁንም አንድ ሰው ነው። የቀድሞውን ዘዴ በሥራ ላይ ማየት የሚሻ ሰው ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ይሂድ፤ ከተማዋ ከ1941 ወዲህ ዘጠኙን የምክር ቤት አባላቷን የምትመርጠው በዚያው መንገድ ነው።