የባልሳ ፕሮፔለር በተቀመጠበት የሚጣመመው ለምንድን ነው? እንዴትስ መከላከል ይቻላል?

በሮማኒያዋ ስላኒክ ከተማ፣ ከምድር በታች 208 ሜትር ላይ የሚገኘው የቀድሞ የጨው ማዕድን ማውጫ ነፋስ አይገባበትም። ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በዚህም ምክንያት የቤት ውስጥ ሞዴል አውሮፕላኖች የዓለም ሻምፒዮና በተደጋጋሚ ተካሂዶበታል።

'ኤፍ-1-ዲ' በሚባለው ምድብ የሚወዳደሩት አውሮፕላኖች፣ ክንፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ55 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የሚበሩት በተጠመዘዘ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ቀስ እያለ ሲፈታ ፕሮፔለሩን ያሽከረክራል፤ አውሮፕላኑም ከ20 ደቂቃ በላይ አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ውጤት የሚሰጠውም ለቆየበት ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ የተመሠረተው በፕሮፔለሩ ሁለት ስስ ክንዶች ላይ ነው። አንደኛው በጥቂት ዲግሪ እንኳ ከሌላው የተለየ ጥምዝ ከያዘ ፕሮፔለሩ ይንቀጠቀጣል፤ የላስቲኩ ጉልበትም ይባክናል። የወራት ሥራ ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ሊበላሽ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

መንስኤው ምንድን ነው?

ባልሳ በዋናነት ከኢኳዶር የሚገኝ እጅግ ቀላል እንጨት ነው። ከደረቀ በኋላም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት መቀበሉንና መልሶ መስጠቱን አያቆምም። የእንጨት በር በክረምት አብጦ አልዘጋ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ የሚሰፋው በርዝመቱ ሳይሆን በአብዛኛው በጎኑ በመሆኑ፣ ስስ ጣውላ በቀላሉ ይጎብጣል።

የፕሮፔለሩ ክንድ ደግሞ ሌላ ድክመት አለው። ጣውላው በውሃ ከራሰ በኋላ በተጠማዘዘ ቅርጽ ማውጫ ላይ ታስሮ በሙቀት ይደርቃል። ቅርጹን የሰጠው እርጥበት ተመልሶ ሲመጣ፣ እንጨቱ ወደ ቀድሞ ጠፍጣፋነቱ ማዘንበል ይጀምራል።

እንዴት ይቀመጥ?

ፕሮፔለሩ ከአውሮፕላኑ ተነቅሎ በጠንካራ ሳጥን ውስጥ፣ በመሃል ዘንጉ ብቻ ተይዞ መቀመጥ አለበት። ክንዶቹ ግድግዳም ሆነ ስፖንጅ መንካት የለባቸውም። አንዱ ገጽ ከሌላ ነገር ጋር ከተጣበቀ ሁለቱ ገጾች እኩል አይደርቁም፤ ጉብጠትም ይከተላል።

ሳጥኑን ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከቆመ መኪና ውስጥ ማራቅ ያስፈልጋል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ዓይነት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ይረዳሉ፤ ሲበዙ ግን እንጨቱን ከልክ በላይ አድርቀው ተሰባሪ ያደርጉታል። ዓላማው ፍጹም ድርቀት ሳይሆን የማይለዋወጥ እርጥበት ነው። በሳጥኑ ውስጥ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ማስቀመጥ ለውጡን ቀድሞ ለማወቅ ያስችላል።

ከተጣመመስ?

ፕሮፔለሩ እንደተሠራ፣ ከመሃሉ በተወሰኑ ርቀቶች ላይ የእያንዳንዱን ክንድ ማዕዘን ለክቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። ቅርጽ ማውጫውም መጣል የለበትም። ውድድሩ ቦታ ሲደረስ ሳጥኑ ተከፍቶ እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር እስኪላመድ ይቆያል፤ ከዚያም ማዕዘኖቹ እንደገና ይለካሉ።

ልዩነት ከተገኘ ክንዱን በትንሹ አርጥቦ በቅርጽ ማውጫው ላይ ማሰርና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ይቻላል። ሳይደርቅ የተፈታ ክንድ ግን ተመልሶ ይጣመማል።