ሎዘር (የብር መሐለቅ)

ሎዘር በጀርመን አገር በብራውንሽቫይክና በሉነቡርግ መሳፍንት ግዛቶች በተለይ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተመታ ትልቅ የብር መሐለቅ ነው። ዋጋው ከአንድ ታለር ከሩብ እስከ 16 ታለር ይደርስ ነበር። ታለር የሚለው ስም የመጣው በቦሄሚያ ከምትገኘው የብር ማዕድን ከተማ ከዮአኪምስታል ነው፤ በኢትዮጵያ «ጠገራ ብር» የተባለው የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብም ታለር ነው። የጊዜው አንድ ታለር 29 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ባለ 10 ታለር ሎዘር 290 ግራም ገደማ ይሆናል። ለገበያ የሚያዝ ገንዘብ እንዳልነበረ ከክብደቱ ብቻ ይታወቃል።

የመጀመሪያዎቹን ሎዘሮች በ1574 እ.ኤ.አ. ያስመታው የብራውንሽቫይክ-ቮልፈንቢውተል መስፍን ዩሊየስ ነው። ብሩ የሚወጣው ከሃርዝ ተራሮች ነበር። መስፍኑ ሀብት ያላቸው ተገዦቹ እንደ አቅማቸው ሎዘር እየገዙ ሳይመነዝሩ እንዲያስቀምጡ አዘዘ። በዚህ መንገድ የግዛቱ መጠባበቂያ ብር በየሰዉ ቤት ተከማቸ፤ ክፉ ቀን ቢመጣ መስፍኑ የት እንደሚያገኘው ያውቃል። ባለቤቱ ግን የራሱን ብር እንደ ልቡ ማውጣት ስለማይችል፣ ነገሩ ከሽልማት ይልቅ ወደ ግብር የቀረበ ነበር።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የማዕድን ሥራ ራሱ በሎዘር ላይ ይሣል ጀመር። በመስፍን ዮሐን ፍሪድሪክ ዘመን (1665–1679) ከተመቱት በአንዳንዶቹ ላይ የሥርወ መንግሥቱ ምልክት የሆነው ፈረስ ከላይ ሲዘል፣ ከደመና የወጣች እጅ የአበባ ጉንጉን ስትዘረጋለት፣ ከሥሩም የማዕድን ቦታው ከነሠራተኞቹ ይታያል። በአንድ የቅርጽ ማኅተም ውፍረታቸው የተለያየ ሎዘሮች ይመቱ ስለነበር፣ የታለሩ ብዛት በቁጥር ለብቻው ይታተምበታል።

ከሎዘር ጋር የሚቀራረበው «የምርት ታለር» ከአንድ ከታወቀ ጉድጓድ ብር የሚመታ ነው። ጉድጓዶቹ በባለድርሻዎች የተያዙ ነበሩ። ትርፍ ሲገኝ ለየድርሻው ይከፈላል፤ ኪሳራ ሲሆን ደግሞ ባለድርሻው ከኪሱ ይጨምራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን «ነጭ ዝይ» ሊባል የሚችል ሳይሆን በትክክል «ነጭ ስዋን» የተባለው ጉድጓድ ታለር የዚያችን ረጅም አንገት የውሃ ወፍ፣ «ቀስተ ደመና» የተባለው ደግሞ ቀስተ ደመናን ይዟል። ገንዘብ ብቻ የበሉ ጉድጓዶች መሐለቅ አልተመታላቸውም።