ወባ በሌለበት ሰፈር የቀረው «ዲዲቲ»

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልደታ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን ታቅፋ ወደምሠራበት ድንገተኛ ክፍል ገባች። «ዶክተር፣ ለትኋን ያስቀመጥኩትን ዲዲቲ ቀምሶብኝ ነው» አለችኝ። ልጁን ላብ አጥምቆታል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፤ የዓይኖቹ ብሌኖች የመርፌ ጫፍ አክለዋል። ዲዲቲ ግን ብሌን አያጠብም። የአፍ አካባቢ መደንዘዝን፣ መንቀጥቀጥንና ሲብስም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥን ነው የሚያስከትለው፤ አትሮፒንም አይፈውሰውም። ከፊታችን የነበረው የኦርጋኖፎስፌት መመረዝ በመሆኑ አትሮፒን ጀመርን። እናትየዋ አልዋሸችም፤ ስሙ ከዕቃው ይልቅ ዕድሜ አግኝቶ ነው እንጂ።

ስሙ ከየት መጣ? ፖል ሙለር የተባለው የስዊዘርላንድ ኬሚስት የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን በ1948 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በሀገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ ደጋማውን ምድር ሳይቀር አጥለቅልቆ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 የሚሆነውን እንደገደለ ይገመታል። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ፓምፕ ያነገቱ ሠራተኞችም የየጎጆውን ግድግዳ በዲዲቲ ይረጩ ጀመር። ይህን ሳይጠቅሱ ዲዲቲን መኮነን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ ግን ደጋ በመሆኗ የወባ አገር አይደለችም። ዲዲቲ ወደ ከተማው ቤት የገባው በወባ በኩል ሳይሆን በትኋን፣ በቁንጫና በቅማል በኩል ነው። በአንድ ወቅት ዲዲቲ ይገባበት የነበረው «ፍሊት» የሚረጨው ፈሳሽ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ እንደቀረ ሁሉ፣ «ዲዲቲ»ም የነጭ ዱቄት ሁሉ ስም ሆነ። በገጠር ለወባ የተላከው ዲዲቲ እየሾለከ ጫት ላይ ይረጭ፣ እህል ውስጥም ይነሰነስ እንደነበር ይታወቃል።

ኢትዮጵያ የስቶክሆልም ስምምነትን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስምምነቱ ለወባ መከላከያ የሚውለውን ስለፈቀደ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ዲዲቲ መቀነባበሩ፣ ርጭቱም መካሄዱ ቀጠለ። በኋላ ትንኟ ስለተላመደችው በ2000ዎቹ ማብቂያ አካባቢ በሌሎች ኬሚካሎች ተተካ። ከሰውነት ግን እንዲህ በቶሎ አይወጣም፤ በስብ ውስጥ ተከማችቶ ለዓመታት ይቆያል፤ ከእናት ወደ ልጅም በጡት ወተት ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የተደረገ ጥናት፣ ሕፃናቱ ከጡት ወተት በቀን የሚያገኙት ዲዲቲ በአማካይ በኪሎ ግራም ክብደት 62.17 ማይክሮ ግራም ሆኖ አግኝቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ የመቻያ ወሰን ግን 20 ነበር። ይህ ጡት ማጥባትን ለማስቆም ምክንያት አይሆንም፤ የጡት ወተትን የሚተካ ነገር ለአብዛኞቹ እናቶቻችን የለምና። በ2015 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ዲዲቲን በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ነገሮች መድቦታል።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ተሽሎት ምግብ ጠየቀ። እናቱ እንድታመጣልን የለመንናትን ዕቃ ያን ዕለት ይዛ መጣች፦ ጽሑፍም ምልክትም የሌለበት የላስቲክ ቋጠሮ ነው። ሽታው ገና ሳይፈታ ክፍሉን ሞላው፤ ዲዲቲ ግን ይህን ያህል አይሸትም። ከሱቅ ስትገዛ ምን ብላ እንደጠየቀች ጠየቅኋት። «ዲዲቲ ስጠኝ አልኩት፤ ሰጠኝ» አለች። በካርዱ ላይ የመጀመሪያው ሐኪም የጻፈውም ያንኑ ነበር።